የቀዛፊው ቀኝ እጅ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንዎ? እትዬስ ደህና ናት? የስፌት መኪናዋ ዛሬም ከንጋት ጀምሮ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሦስት ደብዳቤ ልከውልኝ ለአንዱም መልስ አለመስጠቴን አውቃለሁ። ይቆጡኝ። ጮክ ብለው ይቆጡኝ፤ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ቢለየንም እሰማዎታለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ አሁንም ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው የማስጎበኘው፤ ጀርባዬ ለመንገዱ፣ ፊቴ ለሰዉ። አልወደቅኩም። ባለፈው ሳምንት ብቻ ከአንድ የዳቦ ጋሪ ጋር ተላትመን ባለጋሪው አፉ ያመጣለትን ሁሉ ተናግሮኛል። እጆቼንም ከኋላዬ አጣምሬ ነው የምይዘው። «አስጎብኚ ያሳያል እንጂ አይነካም» ያሉኝን አልረሳሁም። ሠላሳ ዓመት በእርስዎ አንገት የዋለው ባጅ በኔ አንገት ከዋለ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት አንዱንም ሐውልት በጣቴ ነክቼ አላውቅም።

እርምጃውንም እንዳሉኝ ቆጠርኩ። ከድሮው የጀልባ ደረጃ እስከ ጎርፉ መታሰቢያ ዓምድ መቶ ሰማንያ። ከዓምዱ እስከ ዓሣ ተራው የግድግዳ ሥዕል ዘጠና አራት። ከሥዕሉ እስከ ቀዛፊው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በእርስዎ ቆጠራ ሁለት መቶ አምስት ነበር። እግርዎ ረጅም ስለሆነ ነው፤ እኔ አልተሳሳትኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እስከዚህ ያንዛዛሁት ልነግርዎት ስላልደፈርኩ ነው። የቀዛፊው እጅ ተበሳ።

አዎ፣ የኛው ቀዛፊ። መንገደኛ ሊያሳፍር ቀኝ እጁን ወደ ዳር እንደዘረጋ የቀረው የነሐስ ሰውዬ። ስንቱ ሲጨብጠው ኖሮ መዳፉ ሳስቶ ሳስቶ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ቀዳዳ ወጣበት። ባለፈው ወር የአንዲት ጎብኚ እጅ በቀዳዳው ጠርዝ ተጫረ። ብዙም አልደማች፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግን መሐንዲስ ልኮ ዙሪያውን ቢጫ ገመድ አሰረበት። ኅዳር 14 ቀን ኮሚቴ ይቀመጣል። ጭበጣው የሕዝብ የቆየ ልማድ ከሆነ ሐውልቱ እዚያው እንደቆመ ይጠገናል። አስጎብኚ የፈጠረው ወሬ ከሆነ ግን ቀዛፊው ተነቅሎ መጋዘን ይገባል፣ የኔም ፈቃድ ይሰረዛል። ሌላ ሥራ ደግሞ አላውቅም፤ ወደ ፊት መራመዱንም እየረሳሁት ነው።

ስለዚህ ይንገሩኝ። «ከመሻገር በፊት የቀዛፊውን እጅ መጨበጥ የጥንት መንገደኞች ልማድ ነው» ብለው ያስተማሩኝን እርስዎ ከማን ሰሙት? የሽማግሌ ስም አይጠፋዎትም። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት 11 ቀን

ለኔ ጩጬ፤

«ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ ጩጬ አይበሉኝ» ብለሽ ነበር፤ አልሰማሁሽም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ሳቀልኝ። ልጄ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ምን አገኙ አባባ?» እስክትለኝ ድረስ። ስለ ዳቦ ጋሪው ሦስቴ አስነብቤያታለሁ። እኔም በሁለተኛው ዓመቴ ወንዝ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ፤ ሃያ ጎብኚ ፊት፣ ከነባጄ። ዋናው ነገር ስትወድቂም ማብራሪያውን አለማቋረጥ ነው።

ስለ ዓይኔ ጠየቅሽኝ። እየተሻለኝ ነው። ሐኪሙ ጠብታውን ለወጠልኝ፤ ከቀን ወደ ቀን ለውጥ አለው። ይኸው ዓይኔን ግንባር ያድርገው! መስመሬ ተጣሞ ካየሽ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። ልጄ ልታስጠግነው ብላ የሰው ቀሚስ ስትጠግን ትውላለች።

ስለ ልማዱ ደግሞ ልማድ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ሰው ቀዛፊውን ይጨብጣል፣ በደህና ይሻገራል፣ አበቃ። መሐንዲሱን «የአባቶች ነው» በዪው። መሐንዲስ አባት የለውም እንዴ?

ይልቅ እኔ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ቀዳዳው ስንት ጣት ያሳልፋል? የትንሿ ጣት ጥፍር አለች? ከእጁ አንጓ ከፍ ብላ ያለችው ጠባሳ፣ ገመድ የበላው ቦታ፣ ትታያለች ወይስ እሷም ሙልጭ ብላለች? ቀረብ ብለሽ እዪና ለማያይ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ ጻፊልኝ። ስለ ኮሚቴው አትጨነቂ። ከዚህ የባሰ ስንት ጎርፍ አልፏል።

ጋሼሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። በሰላምታ ዘርዘር ብል ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን ተቆጥቻለሁ። ዓይንዎ ስለተሻለዎ ተመስገን፤ እሱን ብቻ አስቀድሜ ልበል።

ጥያቄዎን ልመልስ። ቀዳዳው ሁለት ጣት ያሳልፋል። የትንሿ ጣት ጥፍር የለችም፤ ጣቲቱ ራሷ አልቃ እንደ ባቄላ ሆናለች። ጠባሳዋ ግን አለች። ከአንጓው በላይ ስለሆነች ማንም አይነካት፤ ሁለት ጣት የምትሆን፣ ጎርበጥ ያለች መስመር። ጋሼ፣ ሁለት ዓመት በቀን ሁለቴ አጠገቡ ቆሜ ጠባሳ እንዳለው አላውቅም ነበር። እርስዎ ገመድ እንደበላው ሳይቀር እንዴት አወቁ?

አሁን ቁጣዬን ይስሙ። መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። መዝገብ ጠባቂዋ የተባረከች ሴት ናት፤ ከአቧራ ጋር አንድ ክምር ወረቀት ሰጠችኝ። ድልድዩ ሲከፈት ጀልባዎቹ በዚያው ሳምንት ቆሙ። ሐውልቱ የተተከለው ደግሞ ድልድዩ ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለቀዛፊዎቹ መታሰቢያ ተብሎ ነው። እስኪ ይንገሩኝ፣ ጀልባው ከቀረ በኋላ የቆመውን ሐውልት ጨብጦ በጀልባ የተሻገረው ማን ነው? ዓሣ?

ሁለት ዓመት ስንት ሰው ፊት ስቀባጥር ኖርኩ! አንድ ሰው እንኳ አላሰላውም፤ ማስላት የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ግን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አባቴን አላውቀውም፤ ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው የሞተብኝ። እሱ ቀዛፊ እንደነበር፣ እጁ ሰፊ እንደነበር፣ የነገሩኝ ወንድሙ እርስዎ ነዎት። ያሳደገኝ ሰው የነገረኝን አልመረምርም።

ኮሚቴው ሊቀመጥ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል። ልማዱን እርስዎ ነዎት የፈጠሩት? ቁርጡን ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት 27 ቀን

ለኔ ጩጬ፤

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን ሁለቱም ባንድ ዘመን ነው ያገኙኝ። አዎ፣ «የጥንት ልማድ ነው» የሚለውን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጭበጣውን ግን አልጀመርኩትም። ተቀመጪ፣ ሻይሽን ቅጂ፣ ከዚያ አንብቢ።

ያኔ ሐውልቱን የሠራው ቀራፂ የኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ፊት ይሠራል፣ ልብስ ይሠራል፣ ጫማ ሲሠራ ማሰሪያውን ልፈታው ልፈታው ያሰኝሻል። እጅ ላይ ሲደርስ ግን ሙያው ጠፋበት። አንድ ቀን አባትሽ በመስኮት አጮልቆ «ይኼ እጅ ነው ወይስ የበሰበሰ ድንች?» ብሎ ሳቀበት። ቀራፂው ተናዶ «እንግዲያው ያንተን አምጣ!» አለው። አመጣ። ዘይት ቀብቶ እስከ ክንዱ ጄሶ ውስጥ ነከረለት። ጄሶው ሲደርቅና ሲላቀቅ የክንዱን ፀጉር ከነሥሩ ይዞት ሄደ። ያን ዕለት ከወንድሜ አፍ የወጣውን ስድብ እዚህ አልጽፍልሽም፤ ቀዛፊ ነበርና ስድብ አልቸገረውም።

ስለዚህ ያ እጅ የአባትሽ ነው። ጠባሳዋንም የማውቃት ለዚህ ነው፤ ገመዱ ሲበላው ከጀልባው ሌላ ጫፍ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሐውልቱ ሲተከል ወንድሜ አልነበረም። ደረቱን ታሞ በሁለት ወር ቀደመው። እናትሽ ሐውልቱን አንድ ጊዜ አይታ ተመለሰችና «ልጄ የነሐስ አባት ይዛ አታድግም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ትንፍሽ እንዳትል» ብላ አስማለችኝ። ገበያ ስትሄድ ሁልጊዜ በላይኛው መንገድ የምትዞረው ለምን እንደሆነ ስትጠይቂኝ፣ «ጥላ ስላለው ነው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጥላ አልነበረውም።

አሁን ደግሞ የልማዱ ነገር። ሦስት ዓመትሽ ነበር፣ እኔም ገና አዲስ አስጎብኚ ነበርኩ። እናትሽ ሥራ ነበረች፤ የሚይዝሽ ስላልነበረ ይዤሽ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ጎብኚ ይከተለኛል። ቀዛፊው ጋ ስንደርስ እጄን ለቀቅሽኝ። እጁ ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል፣ ልክ በአንቺ ቁመት። ሄደሽ ያዝሽውና «እንዴት ዋልክ?» አልሽው። ማንም አላለሽም፣ ማንነቱንም አታውቂም። እኔ ማብራሪያዬን አቆምኩ። በሥራዬ ዘመን ያቋረጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ስገባ እንኳ አላቋረጥኩም።

ከጎብኚዎቹ አንዲት ሴትዮ ከአንቺ ቀጥላ ጨበጠችው። ባሏም ተከተለ። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። «ይኼ ምን የሚሉት ልማድ ነው?» አሉኝ። ምን ልበል? የእናትሽ መሐላ አለብኝ፣ አሥራ ሁለት ሰው አፌን ያያል። «የጥንት ነው፤ የጨበጠው በደህና ይሻገራል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግስቱ የመጡት ሰምተው መጡ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው?

ስለዚህ ውሸቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጭበጣውን የጀመርሽው ግን አንቺ ነሽ። እናትሽ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ መሐላውም አብሯት አርፏል። ልነግርሽ ስል ቀን እየመረጥኩ ቆየሁ። ይቅር በዪኝ።

ጋሼሽ


ኅዳር 7 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው። ደህና ይሁኑ፤ በጣም ደህና ይሁኑ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ስድስት ቀን ሆነው። ከኋላው የላኩትም ደርሶኛል፤ «ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፣ እሷ የምታውቀው የለም» ብለው ለኮሚቴው የጻፉት። አልሰጣቸውም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆያል። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ዋሽቶልኝ ሲያበቃ አሁን ደግሞ እንዲከሰስልኝ አልፈልግም።

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ አልጠይቅም። ሰኞ በጣም ተቆጥቼ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ኑ ጨብጡት፣ ኑ አትፍሩ» እያልኩ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆሜያለሁ። አገር ምድሩ የአባቴን እጅ ሲጨብጥ እኔ ሰዓቴን አይ ነበር፤ ቶሎ ጨርሰው ወደ ድልድዩ እንድንሄድ። ማክሰኞ ቁጣዬ ቀነሰ። ሐሙስ ናፈቁኝ። ዛሬ ደግሞ ያ የአሥራ ሁለት ጎብኚ ፊት ትዝ ይለኛል፣ ያላየሁት ፊት፤ የእናቴን መሐላ ይዘው እዚያ መቆምዎ። እኔም እርስዎን ብሆን የምለው አይጠፋኝም ነበር፤ ምናልባት ከዚህ የባሰ እዋሽ ነበር።

ልነካው ሄጄ ነበር። እጁን አሁን በጣውላ ሳጥን ሸፍነውታል። ባጁም አንገቴ ላይ ነበር።

አንድ ችግር ደግሞ አለ። ኮሚቴው ይጠገን ቢል እንኳ ነሐስ አቅላጩ አሳየኝ፤ መዳፉ አልቋል፣ ጣቶቹ አልቀዋል፣ ከዚያ ላይ ምንም መቅዳት አይቻልም። ፎቶዎቹ ሁሉ ከሩቅ የተነሱ ናቸው። «የራሴን እጅ አይቼ አዲስ እሠራለታለሁ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ እጁ ግን ትንሽና ለስላሳ ነው። ይኼንን እጅ የአባቴ ክንድ ላይ ሊቀጥሉት ነው። ጣቶቹን እያየሁ አለቀስኩበት፤ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ኮሚቴው ፊት እውነቱን እናገራለሁ። ባጁን ይወስዱት ይሆናል። ይውሰዱት፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ በሌላ ጉዳይ ቢሆንም።

ልጅዎ


ኅዳር 10 ቀን

ለኔ ልጅ፤

ይኼንን ደብዳቤ ከሳጥኑ ጋር የሚሰጥሽ የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እንዲነዳ ለምኜው «አባቴ፣ መሪው የት ይግባ?» አለኝ። ከመቀመጫው ሥር እንዲያደርገው ተስማማን።

አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ በሁለት ፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ቀራፂው ከዚያ የጄሶ ቅርጽ ማውጫ መጀመሪያ ያወጣው የጄሶ እጅ ነው። ለአባትሽ ሰጠው፣ አባትሽ ደግሞ የበር ማቆሚያ አደረገው፤ እንዲህ ነበር ሰውዬው። ሲሞት ከበሩ ሥር አነሳሁት። ጥፍሮቹ አሉ። ጠባሳዋ አለች። የመዳፉ መስመር እንኳ ይቆጠራል። ወደዚህ ስመጣ ከልብሴ በፊት ያሸግኩት እሱን ነው። ልጄ «አባባ ሕፃን እንዳቀፈ ነው የሚተኛው» እያለች ለጎረቤት ታወራብኛለች።

ሁለተኛው ዓይኔ ነው። አልተሻለኝም። ክረምት ላይ ጨርሶ ጨለመ። ይኼንን የምጽፈው ልጄ ከካርቶን በቆረጠችልኝ መስመር ውስጥ ብዕሬን እያንሸራተትኩ ነው። የአንቺንም የምታነብልኝ እሷ ናት፤ ነሐስ አቅላጩ ፊት ያለቀስሽበት ጋ ስትደርስ መቀጠል አቅቷት ነበር። ጠረጴዛው ደህና ነው፤ አራት እግር አለው። ለዚህ ነው እርምጃ ቁጠሪልኝ፣ ለማያይ ሰው ንገሪልኝ እያልኩ የማደርቅሽ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እጁን ይዤ፣ ካንቺ ደብዳቤ ላይ እየቆጠርኩ ከጀልባው ደረጃ እነሳለሁ። መቶ ሰማንያ፣ ዘጠና አራት፣ ሁለት መቶ አምስት። በኔ እግር ነው የምቆጥረው፤ አትቆጪ።

ቀዳዳው ስንት ጣት ያሳልፋል ስልሽ ይኼን እጅ ይዤ ነበር። ያኔውኑ ልልከው ይገባኝ ነበር። አልቻልኩም። ከወንዙ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ደግሞም ልስጠው ብል የሚሰበር ይመስለኛል። ልጄ ያን «ትንሽና ለስላሳ እጅ» ስታነብልኝ ግን አደርኩበት። ወንድሜ በሌላ ሰው እጅ መንገደኛ አያሳፍርም።

ለነሐስ አቅላጩ ስጪው። ከመስጠትሽ በፊት ጨብጪው። አንድ ነገር ብቻ፣ አትጠብቂበት፤ ጄሶ አይሞቅም። እኔ እስኪሞቅ ድረስ እይዘዋለሁ እያልኩ ስንት ጠዋት ፈጀሁ፤ አይሞቅም።

ጋሼሽ


ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለጋሼዬ፤ ለዓይኔ ብርሃን ልል ነበር፣ ቢቆጡኝስ ብዬ ተውኩት። ደስ ካለዎት ግን ይኸው ብያለሁ።

እንዴት ነዎት? እትዬን እጇን ይሳሙልኝ። እትዬ፣ ይኼን ጮክ ብለሽ የምታነቢው አንቺ ስለሆንሽ፣ አንቺንም ስሜሻለሁ፤ ለካርቶኗም እግዜር ይስጥሽ።

መጀመሪያ መልካሙን ልንገርዎት። ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ሰብሳቢዋ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድንቹን፣ ጄሶውን፣ የእናቴን መሐላ፣ አሥራ ሁለቱን ጎብኚዎች። ስጨርስ ሰብሳቢዋ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «ሦስት» አልኳት። ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ያ ቢጫ ገመድ ያሰረው መሐንዲስ ደግሞ እጁን አውጥቶ «እኔም የኮሌጅ ፈተና ሊኖረኝ ሲል ጨብጬዋለሁ» አለ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «አለፍክ?» አለችው ሰብሳቢዋ። «በሁለተኛው» አለ። አራት ለሦስት ሆኖ ቀዛፊው ከወንዙ እንዳይነሳ ተወሰነ። እጁም ከጄሶው ይሠራል።

ሦስቱ የተቃወሙትም ዝም አላሉም፤ ያልተጣራ ነገር እንደ ታሪክ አቅርቤያለሁና ፈቃዴ ለአራት ወር ታገደ። ባጁን እዚያው ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁ። እስከዚያው መዝገብ ጠባቂዋ ዘንድ እሠራለሁ፤ የወንዙን ዳር ጉብኝት ከሰነዱ ጋር እያመሳከርኩ እንደገና እጽፈዋለሁ። ስለ ጎርፉ ዓምድ የነገሩኝም ልክ እንዳልሆነ ደርሼበታለሁ፤ እሱን በሌላ ጊዜ እንጣላበታለን።

አሁን የሚቀረውን። ጋሼ፣ ጨብጪው ብለውኝ አልጨበጥኩትም። ከነፎጣው ነው የወሰድኩት። እርስዎ ጠዋት ጠዋት የያዙት ነው፤ የእርስዎ ነው አልኩ። የኔ ወንዙ ዳር ያለው ነው። ነሐስ አቅላጩ አስቀድሞ ነገረኝ፤ «ጄሶው አርጅቷል፣ ቅርጽ ማውጫው ሲላቀቅ ላይተርፍ ይችላል፤ አስቢበት» አለኝ። እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ መለስኩት። «ሥራው» አልኩት።

ቅርጹ ወጣ፤ ጥፍሯ፣ ጠባሳዋ፣ መስመሩ፣ አንድ ሳይቀር። ጄሶው ግን አልተረፈም። ከአንጓው ተሰበረ፣ ጣቶቹም ደቀቁ። ነሐስ አቅላጩ ስብርባሪውን ለቅሞ በፎጣዎ ውስጥ ሰጠኝ፤ አስቀምጬልዎታለሁ። ከወንዙ የቀረዎትን አንድ ነገር እኔ ሰበርኩት። ሦስት ጊዜ ይኼን ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለኔ ጩጬ፤

አሁን ገና ጩጬ ሆንሽ፤ የሰበርሽውን ፎጣ ውስጥ ደብቀሽ የምታለቅሺ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ የሻይ ማንቆርቆሪያዬንም እንዲሁ አድርገሽዋል።

ስሚኝ። ልጄ ስታነብልኝ አዎ፣ ከፋኝ። ዋሽቼሽ አልደግመውም፤ ጠዋት ስነሳ እጄ ትራሱ ሥር ይሄዳል፣ ባዶ ነው። አንድ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ልጄ ስትቆጣኝ በላሁ። ከዚያ አሰብኩት። ወንድሜ የበር ማቆሚያ ያደረገውን ነገር እኔ ታቦት አድርጌው ነበር። እሱ ቢያየኝ ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር፤ ከመሞቱ በፊት ማለቴ ነው።

እርምጃውን ግን አሁንም እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ አምስት ላይ ስደርስ እጄን እዘረጋና ምንም የለም። ስለዚህ አዲሱ ሲገጠም ሄደሽ ንገሪኝ። ጥፍሯ በቦታዋ ናት? ይቀዘቅዛል? ሁሉንም፣ ሳታስቀሪ። ያቺ ሰብሳቢ ፊቷ ከተፈታ እሱንም ጻፊልኝ። ስለ ጎርፉ ዓምድ ደግሞ ልክ ነኝ፤ ሰነዱ ነው የተሳሳተው።

ጋሼሽ


ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለጋሼዬ፤

እትዬ፣ ይኼን ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

ጋሼ፣ ትናንት ተገጠመ። ነሐስ አቅላጩ መዳፉን ከውስጥ በኩል አወፍሮታል፤ «መቶ ዓመት ቢጨበጥም አይበሳም» ብሎ ማለልኝ። ጥፍሯ በቦታዋ ናት። ጠባሳዋም ከአሮጌው ክንድ ጋር ገጥማለች፤ አዲሱ የት ጀምሮ አሮጌው የት እንዳበቃ ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። አጠገቡም ትንሽ ሰሌዳ ቆማለች፤ «ይህን እጅ መጨበጥ የጀመረችው አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ናት» ትላለች። ስም የለባትም። ሰብሳቢዋ ናት የጻፈችው፤ ፊቷ ግን ያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ጉብኝት ነበር። እኔ ስለታገድኩ የምታስጎበኘው አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ እሷም ወደ ኋላ ነው የምትሄደው፣ ግን እየዞረች ታያለች፣ ያ ሥራ አይደለም። ተከተልኳቸው። ወደ ፊት እየተራመድኩ ያን መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወንዙ ለካ ከፊት ሲመጣ ሌላ ነው። ከደረጃው መቶ ሰማንያ፣ ከዓምዱ ዘጠና አራት። ከሥዕሉ ሁለት መቶ አምስት፤ እግሬን ዘርጋ ዘርጋ አድርጌ በእርስዎ ሄድኩ።

ሃያ ሦስት ጎብኚ ነበር። ሁሉም ተሰለፉ። እኔ መጨረሻ ቆምኩ። ባጅ የለኝም ጋሼ፤ አስጎብኚ አይደለሁም፤ ስለዚህ የሚከለክለኝ አልነበረም። እጆቼን ከኋላዬ ፈታሁ፤ የት እንደማደርጋቸው ጨንቆኝ ኪሴ ከተትኳቸው። ከወንዙ የሚመጣው ንፋስ ቆዳ ይልጣል። ነሐሱም በረዶ ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ጄሶ አይሞቅም ብለውኛልና። ሃያ ሦስቱ አንድ በአንድ ጨበጡት። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀለት፣ አንዲት እናት ልጇን ከፍ አድርጋ አስጨበጠችው።

ተራዬ ደረሰና ያዝኩት። ሞቆ ነበር ጋሼ። ሃያ ሦስት ሰው አሙቆልኝ ነበር። ሰፊ ነው እንዳሉኝ፤ የኔ እጅ ውስጡ ጠፋ። «እንዴት ዋልክ?» አልኩት። 

እትዬ፣ ለብቻችን በተጻጻፍነው ተስማምተናል፤ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ አሳፍሪልኝ። ጋሼ፣ ከመናኸሪያው እቀበልዎታለሁ። ከጀልባው ደረጃ ጀምረን አብረን እንቆጥራለን፤ ስለ ጎርፉ ዓምድም እዚያው ዓምዱ ሥር እንጣላለን። ቀዛፊው ጋ ስንደርስ ደግሞ አንቸኩልም። መጨረሻ እንቆማለን፤ ሰዉ ሁሉ ይቅደመን፣ ያሙቅልን።

ልጅዎ፣ ጩጬ